የ96ቱ፣ የ2003ቱ ወይስ ቪጎው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ጅማ ነው። ከጎማና ከዴዶ ቡናና ማር እየሰበሰብኩ ለነጋዴ አስረክባለሁ። እስከ ዛሬ በኪራይ መኪና ነበር የምሠራው። አሁን የራሴን ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ልገዛ ነው። ደላላ ሦስት አሳየኝ። አንደኛው የ1996 ሞዴል ነው፣ ሞተሩ 3ኤል። ሁለተኛው የ2003፣ ሞተሩ 5ኤል። ሦስተኛው የ2008 ቪጎ፣ 2.5 ዲፎርዲ፣ በፊት የዕርዳታ ድርጅት የነበረ። ሦስቱም ፎር ባይ ፎር ናቸው። በ96ቱና በቪጎው መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሁለት ክፍል ሰርቪስ ያሠራል። በወር አንዴ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ወንድሜ “አዲሱን ግዢ” ይለኛል። ባለቤቴ “አሮጌው ነው ብረቱ” ይላል። እርስዎስ ምን ይላሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ መልሱን ላስቀድም። እኔ ብሆን የ2003ቱን እገዛለሁ፣ ሻንሲው፣ ማለት መኪናው የተቀመጠበት የብረት አጽም፣ ጤነኛ ከሆነ። ሻንሲው ከተነካ ግን ወደ 96ቱ ተመለሺ። ቪጎውን የምትገዢው ሁለት ነገር ካሟላ ብቻ ነው፤ እሱን ወደ ታች እነግርሻለሁ። ቪጎ መጥፎ መኪና ነው ማለቴ አይደለም። ከሦስቱ የሚመቸውም፣ የሚፈጥነውም እሱ ነው። ጣጣው ያለው እዚህ እኛ ጋ የምናጠጣው ናፍጣ ላይ ነው።

የምጠራቸው ዓመተ ምሕረቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በመኪና ጉዳይ በእኛ አቆጣጠር የሚደራደር ደላላ እስካሁን አልገጠመኝም።

መጀመሪያ የትኛው ከየት እንደመጣ እንለይ። የ96ቱ አምስተኛው ትውልድ ነው፤ ከ1988 እስከ 1997 የተሠራው። የ2003ቱ ስድስተኛው ነው፤ ከ1997 እስከ 2005። ቪጎ ሰባተኛው ነው፤ ታይላንድ ውስጥ በ2004 ወጥቶ እስከ 2015 ቆየ። ቪጎ የሚለው ስም ራሱ የታይላንድ ገበያ ስም ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሬቮ ስለሆነ እሱን እንተወው፤ ዋጋው ከኔም ካንቺም አቅም በላይ ነው።

ሰው ስለ ትውልድ ሲያወራ የሚያየው መብራቱንና ወንበሩን ነው። መካኒክ የሚያየው ናፍጣው ወደ ሞተሩ የሚገባበትን መንገድ ነው። የ96ቱና የ2003ቱ እዚህ ላይ ወንድማማቾች ናቸው። 2ኤል፣ 3ኤል፣ 5ኤል የምንላቸው ሞተሮች አንድ ቤተሰብ ናቸው። 2ኤል 2,446 ሲሲ፣ 3ኤል 2,779 ሲሲ፣ 5ኤል 2,986 ሲሲ። ፖምፓቸው ሜካኒካል ነው። ኢንጀክተራቸው 150 ባር አካባቢ ሲደርስ ይከፈትና ይረጫል፣ አለቀ። ኮምፒውተር የለም፣ ሴንሰር የለም። አጋሮ ላይ ቢቆም የአጋሮ መካኒክ ይፈታዋል። ዴዶ ላይ ቢቆም ሹፌሩ ራሱ አየሩን አስተንፍሶ ያስነሳዋል።

ዲፎርዲ ሌላ ነገር ነው። ኮመን ሬል ይባላል። ፖምፓው ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ ወደሆነ ግፊት ያደርሰውና አንድ የጋራ ቧንቧ ውስጥ ያጠራቅመዋል። ከዚያ ኮምፒውተሩ እያዘዘ በኢንጀክተር ይረጫል። ጉልበቱም፣ የነዳጅ ቁጠባውም፣ ድምፁ ዝግ ማለቱም የሚመጣው ከዚህ ነው። ግን እዚያ ግፊት ላይ የሚሠራ ኢንጀክተር ቀዳዳው በዓይን የማይታይ ነው። ለጠብታ ውሃና ለአቧራ ትዕግሥት የለውም።

አንድ ደንበኛዬ ባለፈው ክረምት ቪጎ ይዞ መጣ። ከአጋሮ ሲመለስ ጉልበት አጥቶ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በርቶ። የናፍጣ ፊልትሮውን ፈታሁና ውስጡ የነበረውን ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ገለበጥኩት። ፕላስቲኩን መስኮት ላይ አስቀምጠን ቡና ልንጠጣ ወጣን። ስንመለስ ለሦስት ተከፍሎ ጠበቀን። ከላይ ናፍጣ። ከሥሩ ሁለት ጣት የሚሞላ ውሃ። ከውሃው ሥር ደግሞ ቀይ አፈር ተዘቅጧል። የኛው የጅማ አፈር ነው፣ የትም ባየው አውቀዋለሁ። “ከማደያ ነው የቀዳሁት” አለኝ። ዝም አልኩት። ትንሽ ቆይቶ “ያን ቀን ሰልፉ ረጅም ነበር…” አለ። ሌላ አልጠየቅኩትም።

የጀሪካን ናፍጣ ማንም ወዶ አይቀዳም። ማደያ ሲደርቅ ቡናው አይጠብቅም። በተለይ በጥቅምትና በኅዳር፣ ቀይ እሸት ተለቅሞ ማደር በሌለበት ሰዓት፣ ያገኘሽውን ነው የምትቀጂው። 3ኤልና 5ኤል እንደዚያ ዓይነት ናፍጣ ቢጠጡ ያስነጥሳቸዋል። ፊልትሮ ትቀይሪያለሽ፣ ውሃውን ታፈሺያለሽ፣ ትሄጃለሽ። ዲፎርዲው ላይ ግን አራት ኢንጀክተር ሊበላሽ ይችላል። ዕቃው ጅማ ካልተገኘ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ኦሪጂናሉን ከአስመሳዩ መለየት ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከተገጠመ በኋላም አንዳንዶቹ ኢንጀክተሮች ላይ የተጻፈውን ኮድ በኮምፒውተር ማስገባት ያስፈልጋል፤ ካልገባ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል።

እዚህ ላይ ወንድምሽ “ቪጎ ጉልበት አለው” ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል፣ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ። 5ኤል ወረቀት ላይም 100 የፈረስ ጉልበት አይሞላም። ጅማ ላይ ከዚያም ይቀንሳል። አዲስ አበባ ስትገቢ ሩብ የሚሆነው የለም ማለት ነው። ቱርቦ ያለው ዲፎርዲ ግን አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ይህን ያህል አይጎዳም። ስለዚህ ከወልቂጤ በኋላ ሚኒባስ ሲያልፍሽ አትናደጂ። አዲስ አበባ ዳገት ላይ ትንሽ ጥቁር ጭስ ብታዪም አትደንግጪ፤ ናፍጣው ያው ሆኖ አየሩ ስላነሰ ነው። ነጭ ጭስ ወይም ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ግን ሌላ ወሬ ነው። ሰማያዊው ዘይት እየበላ ነው ማለት ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማይጠፋ ነጭ ደግሞ ውሃ እየጠጣ ወይም ናፍጣው በደንብ ሳይቃጠል እየወጣ ነው።

ጉልበት ማነስ ብቻውን መኪና አያስጠላም። የሚያስፈራኝ ሙቀት ነው። ከጅማ ስትነሺ ሰርቦ፣ አሰንዳቦ፣ ሰኮሩ እያልሽ አበልቲን አልፈሽ ወደ ጊቤ ትወርጃለሽ። እዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚያቃጥል ሹፌር አለ፤ ማርሽ ቀንሰሽ ውረጂ። ድልድዩን ተሻግረሽ ወደ ወልቂጤ ስትወጪ ደግሞ ሸለቆው ሞቃት ነው፣ ዳገቱ ረጅም ነው፣ ጭነት አለሽ። የነዚህ የኤል ሞተሮች ደካማ ጎን እዚያ ላይ ይወጣል። ቴስታታቸው፣ ማለት የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ሙቀት አይወድም። የባሰው 2ኤል ነው፤ በቫልቮቹ መካከል መሰንጠቅ የታወቀ በሽታው ነው። 3ኤል ይሻላል። 5ኤል ከሁሉም ይሻላል፣ ግን እሱም ውሃ አልቆበት ከተነዳ አይምርም። የተሰነጠቀ ቴስታታ ብየዳ አያድነውም። ያስበየዱ አውቃለሁ፤ ወር ሳይሞላ ነው የተመለሱት።

ስለዚህ 96ቱንም 2003ቱንም ስታዪ የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ሳይነሳ፣ በቀዝቃዛው ክፈቺ። ውሃው ላይ የዘይት ዓይን ካለ ተዪው። ከዚያ አስነሺውና ውሃውን እዪ። እንደሚፈላ ጀበና ያለማቋረጥ አረፋ ከሰጠ፣ ጋዝ ከሲሊንደር ወደ ውሃው እያለፈ ነው። ወይ ጋርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው ወይ ቴስታታ። ሻጩ “አየር ይዞ ነው” ይልሻል። አየር ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ያቆማል።

ሌላም ላስታውስሽ። ሦስቱም ሞተሮች የታይሚንግ ቺንጋ አላቸው፤ ሰንሰለት አይደለም። እኔ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ነው የምቀይረው። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይገናኛሉ፣ ሞተሩ ይወርዳል። ዳሽቦርድ ላይ ቲ ቤልት የሚል መብራት ይኖራል። አንዳንድ ሻጭ አምፖሉን ነቅሎ ይጥለዋል። ቁልፉን ስትከፍቺ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሌሎቹ መብራቶች ሲበሩ እሱም መብራት አለበት። ካልበራ ነቅለውታል። “በቅርብ ተቀይሯል” ከተባልሽም ገዝተሽ መጀመሪያ የምታስቀይሪው እሱን ነው። ዋጋው ከቴስታታ ጋር ሲተያይ ምንም ነው።

ባለቤትሽ “አሮጌው ነው ብረቱ” ያለው ግማሹ እውነት ነው። እኛ አገር በምናያቸው የአምስተኛው ትውልድ ፎር ባይ ፎሮች ላይ በብዛት ፊቱም እንደ ኋላው ባሌስትራ ነው፣ ከሥሩም ወጥ አክስል አለው። ዴዶ መንገድ ላይ ድንጋይ ቢመታው ግድ የለውም። መንገድ ላይ ግን ሰው ያንገላታል። ማር በማድጋ ይዘሽ ከሆነ ለማሩም አዝኛለሁ። በስድስተኛው ትውልድ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ እንደ ድሮው ባሌስትራ፣ ሌላው ቶርሽን ባር የሚባል፣ እያንዳንዱ የፊት ጎማ ለብቻው የሚጫወትበት። አንቺን ያሳዩሽ የትኛው እንደሆነ ከዚህ ሆኜ አላውቅም። ጎንበስ ብለሽ ከፊት ጎማው ጀርባ እዪ። የተደራረበ ላሜራ ካየሽ ባሌስትራ ነው። ሁለቱም ይሠራል። ቶርሽን ባሩ ይመቻል፣ ግን የጎማ አለባበሱን እዪ። ጎማው ከውስጥ በኩል ብቻ ከተበላ ቴስቲናና ቦል ጆይንት (የፊት ጎማው መጋጠሚያዎች) ደክመዋል ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ነው እንጂ በሽታ አይደለም፤ ከዋጋው ላይ አስቀንሺበት።

አሁን ወደ ሻንሲው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔንም አንዴ በልቶኛል።

ከዓመታት በፊት ለራሴ አንድ ደብል ጋቢና ገዛሁ። ማን እንደሸጠልኝ አልናገርም። ከሥር ገባሁና አየሁ፣ ሻንሲው በጥቁር ቀለም እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። መካኒክ ነኝ፣ ግን ደስ አለኝ፤ የሚንከባከብ ሰው እጅ የነበረ መኪና ነው ብዬ። ሁለት ወር ሳይሞላ ዴዶ መንገድ ላይ ጭነት ይዤ አንድ ጉድጓድ ስገባ ከኋላ “ቋ” አለ። ወርጄ ሳይ ካሶኒው (የጭነት ሳጥኑ) ከጋቢናው ተለይቶ አፉን ከፍቷል። ጥቁሩን ቀለም ስፍቀው ከሥሩ የተበየደ ላሜራ ነበር። ከላሜራው ሥር ደግሞ የበሰበሰው ሻንሲ።

ጅማ ውስጥ ሻንሲ የሚበላው ጭቃ ነው። እኛ ጋ ዝናብ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ይዘንባል፤ ክረምቱ ደግሞ ረጅም ነው። ጭቃው በሻንሲው ቀዳዳዎች ይገባና ከኋላ አክስሉ በላይ ባለው ጥምዝ ውስጥ ይጠራቀማል። እዚያ አይደርቅም። ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል፣ ከውጭ ግን ደህና ይመስላል። ስለዚህ ቀለሙን አትመልከቺ። አንድ ትልቅ ጠመንጃ መፍቻ ወይም የብሎን ቁልፍ ያዢና ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ እየመታሽ ሂጂ። ጤነኛ ብረት ይጮሃል። የበሰበሰ ወይም ጭቃ የሞላው “ዱም” ይላል። ባሌስትራው ከሻንሲው ጋር የሚያያዝባቸውን ቦታዎችና ጋቢናው ካሶኒው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በደንብ ምቺ። መሰንጠቅም መታጠፍም የሚጀምረው እዚያ ነው፣ በተለይ ከመጠን በላይ የተጫነ ከሆነ። ቪጎም ከዚህ አያመልጥም። ከኋላ ጎማው ወዲያ ክብደት የሚከምር ሰው እጅ ከነበረ ሻንሲው ከጋቢናው ጀርባ ይታጠፋል። ከጎን ቆመሽ በጋቢናውና በካሶኒው መካከል ያለውን ክፍተት እዪ። ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ ከሆነ ወይም የተገላቢጦሽ ከሆነ፣ ድርድሩን እዚያው አቁሚ።

የሻንሲ ቁጥሩም እዚያው ነው፣ በቀኝ በኩል ከፊት ጎማው አጠገብ ሻንሲው ላይ የተመታ። ናፍጣ በነካ ጨርቅ ጥረጊው። ፊደላቱ መስመራቸውን ይዘው፣ እኩል ጠልቀው መሆን አለባቸው። ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያዪው፣ በስልክሽም አንሺው። ቁጥሩ በጄቲ ከጀመረ የጃፓን፣ በኤምአር ከጀመረ የታይላንድ፣ በኤኤችቲ ከጀመረ የደቡብ አፍሪካ ሥራ ነው። “ንጹሕ የጃፓን ነው” የሚል ሻጭ ሲገጥምሽ ይህን ማወቅ ያዝናናል። ለኔ ግን ከየት መጣ ከሚለው ይልቅ ማን ነዳው የሚለው ይበልጣል።

የሞተር ቁጥሩንም አትርሺ። ኤል ሞተሮች እርስ በርስ ስለሚተካኩ፣ የተሰነጠቀ 2ኤል አውጥቶ 3ኤል ወይም 5ኤል መግጠም እዚህ የተለመደ ነው። ለሥራው ምንም አይደለም፣ እንዲያውም ይሻላል። ግን ሊብሬው ካልተስተካከለ የስም ዝውውር ላይ ትመላለሻለሽ። የ96ቱን በዚህ እጠረጥረዋለሁ፤ ሞተሩ ከፋብሪካው ጋር የመጣ 3ኤል መሆኑን ከሊብሬው አረጋግጪ።

አሁን ቪጎው። ሁለት ነገር ካሟላ ግዢው ብዬሻለሁ። የመጀመሪያው የሰርቪስ መዝገቡ ነው። የዕርዳታ ድርጅት መኪና ስለሆነ መዝገብ ሊኖረው ይችላል፣ ይህ ጥሩ ዕድል ነው። ኢንጀክተሩ መቼ እንደተፈታ፣ የኢንጀክተር ዋሸሮቹ መቼ እንደተቀየሩ፣ ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር እንደተለወጠ የሚያሳይ ወረቀት አምጣ በዪው። በተለይ ዋሸሮቹን ጠይቂ። ኢንጀክተሩ ሥር ያለችው ትንሽ የመዳብ ዋሸር ስታፈስ ከሲሊንደሩ የሚወጣው ጭስ ወደ ዘይቱ ይገባል። ዘይቱ ጥቀርሻ ይይዛል፣ ይወፍራል፣ እንደ ሬንጅ ይሆናል። ከዚያ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍነዋል። ሞተሩ ዘይት እያለው በዘይት እጦት ይያዛል። እኔ ቪጎ ስገዛም ሳስገዛም ኮፓውን ሳላስፈታ ገንዘብ አላስከፍልም። ሻጩ “አይፈታም” ካለ መልሱን አግኝተሻል።

ሁለተኛው አንቺ ጋ ያለ ነው። ከጀሪካን መቅዳት ማቆም ትችያለሽ? ቤትሽ በርሜል አስቀምጠሽ፣ ከማደያ ሲገኝ ሞልተሽ፣ አስተኝተሽ፣ ከላይ ከላይ እየቀዳሽ መጠቀም ከቻልሽ ቪጎው ይኖርልሻል። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ፊልትሮ ለመቀየርና ከሥሩ ያለችውን የውሃ ማፍሰሻ በየሳምንቱ ለመክፈት ቃል ከገባሽም እንዲሁ። ያለዚያ ይቅርብሽ። በነገራችን ላይ፣ ለአፍሪካ ገበያ በ5ኤል-ኢ፣ የ5ኤል ቤተሰብ በሆነ ሞተር የተሠራ ቪጎም አለ። የቪጎ አካል፣ ቱርቦና ኮመን ሬል የሌለው የድሮ ሞተር። ደላላሽ እንዲህ ዓይነት ካገኘልሽ ለማንም ሳትነግሪ ግዢው፣ ወይም ለኔ ንገሪኝ።

የዕርዳታ ድርጅት መኪና ሌላ ጣጣ አለው፣ ቀረጥ። ብዙዎቹ ከቀረጥ ነፃ የገቡ ናቸው። ለግል ሲተላለፉ ቀረጡ መከፈል አለበት። ሻጩ “ተከፍሏል” ካለ የጉምሩኩን ወረቀት በእጅሽ ይዘሽ እዪው፣ ኮፒ አይበቃም። ለሦስቱም ቢሆን ውል ከመዋዋልሽ በፊት ሊብሬው ከተመዘገበበት የትራንስፖርት ቢሮ ዕዳና እገዳ እንደሌለው አስወጪ። በባንክ ብድር የተያዘ መኪና የሚሸጥ ሰው አለ። ገንዘቡን ደግሞ ውልና ማስረጃ ፊት እንጂ ካፌ ውስጥ አትክፈዪ።

አሮጌ መኪና ለምን እንዲህ ተወደደ ብለሽ ካሰብሽ፣ በእኛ አቆጣጠር በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ቀረጡን ከባድ አደረገው። በዚያው አቆጣጠር በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው እየተቀባበለ ይሸጣል። ይህ ላንቺ የሚነግርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስቱካና ቀለም ከዋጋው አንጻር ርካሽ ሆኗል። ማግኔት በመሐረብ ጠቅልለሽ ያዢ። በሩ ላይ፣ ፓራፋንጎው ላይ፣ ስፖንዳው ላይ እያስጠጋሽ ሂጂ። የማይዝበት ቦታ ስቱካ ነው። ስፖንዳ ላይ ቢገኝ አይግረምሽ፣ የጭነት መኪና ነው። የጋቢናው ምሰሶ ላይ ከተገኘ ግን ተገልብጦ ነበር።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ጨርሶ አትመልከቺው። የፍሪሲዮን ፔዳሉ ጎማ አልቆ ብረቱ ከታየ፣ መሪው ከላይ ከተላጠ፣ ቆጣሪው 140,000 ቢል ለኔ 400,000 ነው።

ለመሞከር ስትሄጂ ሰዓቱ ጠዋት ይሁን፣ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ። ለሻጩ ማታ ደውለሽ “ሞተሩን እንዳታስነሳ፣ ራሴ መጥቼ ነው የማስነሳው” በዪው። ስትደርሺ ከሰላምታ በፊት እጅሽን ኮፈኑ ላይ አድርጊ። ከሞቀ፣ የሚደበቅ ነገር አለ። የጅማ ጠዋት ቀዝቃዛ ነው፤ ደካማ ሞተር እዚያ ላይ ይታወቃል። ጤነኛ 5ኤል ካንዴሌታው (ከማስነሳትሽ በፊት ሞተሩን የሚያሞቀው) ከሞቀ በኋላ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ይነሳል። ሲነሳ ትንሽ ነጭ ጭስ ያሳይና ይጠራል። ከዚያ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተሽ ገልብጠሽ እዚያው አፉ ላይ አስቀምጪው። ቀስ እያለ ቢንቀጠቀጥ ደህና ነው። ዘሎ ከወደቀ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሙሉ እድሳት ይፈልጋል።

ፎር ባይ ፎሩን አስፋልት ላይ አትሞክሪ። ወደ ጅሬን መውጫ ወይም የትም ጠጠርና አፈር ያለበት ውሰጂው። የ96ቱ የፊት ጎማ መሐል ላይ በእጅ የሚጠመዘዝ መቆለፊያ ሊኖረው ይችላል፤ ሁለቱንም ቆልፈሽ ከዚያ ማርሹን አስገቢ። በኤል 4 (በከባዱ የፎር ባይ ፎር ማርሽ) ቀስ ብለሽ ወደፊትም ወደኋላም ሂጂ። የሚንኳኳ ነገር ካለ ክሮቼራ (ጉልበቱን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ መጋጠሚያ) ወይም ዲፈረንሻል ነው። ብዙ ባለ መኪና ይህን ማርሽ ለዓመታት አይነካውም፣ ስለዚህ አንዳንዴ ጭራሽ አይገባም። ላንቺ ዴዶን በክረምት የሚያስወጣሽ እሱ ነው፣ አለመግባቱን ቀላል አድርገሽ አትለፊው።

ጭነቱን በተመለከተ፣ የትኛውንም ብትገዢ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ የሚችለው ሰውን ጨምሮ አንድ ቶን አካባቢ ነው። አራት ሰው ከተቀመጠ ለቡናው የሚቀረው 7 ኩንታል ነው። ብቻሽን ከሹፌር ጋር ከሆንሽ 8 ኩንታል፣ በፈረሱላ 47 ገደማ። የኪራይ መኪና ላይ 12 ኩንታል ስታስጭኚ የነበረ ከሆነ፣ እሱ የሰው መኪና ነበር።

የ2003ቱን አጣርተሽ ሻንሲው ካላለፈ፣ የ96ቱን በዚያው መንገድ አጣሪው። እሱም ከወደቀ ሌላ ደላላ ፈልጊ። ጥቅምት ሊገባ ሲል የሚቸኩል ገዢ ሁሌም ይከስራል፤ ከቻልሽ ግዢውን ሰኔ ላይ ጨርሺው። ሰኔ ላይ ዝናብ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሻጭ ያኔ ትንሽ ይለሳለሳል። መኪናውንም በጭቃ ነው የምትሞክሪው።